በባዮሴንሰር ልማት የዶክትሬትና የምርምር ዕድል ለሚፈልጉ፦ ከናሙናው የሚነሣ መመሪያ

በባዮሴንሰር ዘርፍ ሦስተኛ ዲግሪ ለመሥራት የሚያስቡ ብዙ አመልካቾች ፍለጋቸውን የሚጀምሩት ከታዋቂ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ወይም ከስኮላርሺፕ ዝርዝር ነው። እኔ ግን ፍለጋው ከናሙናው መጀመር አለበት እላለሁ። ባዮሴንሰር በመጨረሻ የሚዳኘው በአንድ ጠብታ ደም፣ በምራቅ፣ በወተት ወይም በወንዝ ውኃ ውስጥ የሚፈለገውን ነገር ከሌላው ሁሉ ለይቶ በትክክል መለካት በመቻሉ ነው። ስለዚህ ሊቀላቀሉት ያሰቡት የምርምር ቡድን ያንን ጠብታ ከየት እንደሚያገኝ፣ በምን ያህል መጠንና በማን ፈቃድ እንደሚያገኝ ማወቅ፣ የዩኒቨርሲቲውን ደረጃ ከማወቅ ይልቅ የሚቀጥሉትን ሦስት ወይም አራት ዓመታት ይወስናል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የተደረደሩት ይህን ታሳቢ በማድረግ ነው።

ደረጃ 1፦ የዘርፉን ታሪክ ከችግሮቹ አንጻር ያንብቡ

ባዮሴንሰር አንድን ሕይወታዊ ለዪ አካል፣ ማለትም ኤንዛይም፣ አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል)፣ አፕታመር (አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ አጭር የዲኤንኤ ወይም የአርኤንኤ ገመድ)፣ የዲኤንኤ ቁራጭ ወይም ሕያው ሴል፣ የለየውን ነገር ወደ ኤሌክትሪክ፣ ወደ ብርሃን ወይም ወደ ሌላ ሊለካ የሚችል ምልክት ከሚለውጥ ክፍል ጋር አጣምሮ የያዘ መሣሪያ ነው። ይህ ትርጓሜ በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛል። አመልካችን የሚጠቅመው ግን ዘርፉ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የተሸጋገረበት ምክንያት ነው።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሊላንድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1956 የኦክስጅን ኤሌክትሮዱን አስተዋወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ከባልደረባው ከላየንስ ጋር ሆኖ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለውን ኤንዛይም በኤሌክትሮዱ ፊት በስስ ገለፈት በመያዝ ግሉኮስን መለካት እንደሚቻል አሳየ። ኤንዛይሙ ግሉኮስን ሲያቃጥል ኦክስጅን ስለሚጠቀም፣ የኦክስጅኑ መቀነስ የግሉኮሱን መጠን ይናገራል። ችግሩ በናሙናው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ራሱ ከሰው ሰውና ከሰዓት ሰዓት የሚለያይ መሆኑ ነበር። ይህን ችግር ለማለፍ በክራንፊልድና በኦክስፎርድ የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 በኦክስጅኑ ፈንታ ኤሌክትሮን የሚያመላልስ ፌሮሲን የተባለ ውሕድ የተጠቀሙበትን ኤሌክትሮድ አሳተሙ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የብዕር መጠን ያለው የግሉኮስ መለኪያ ገበያ ላይ ዋለ። ያንን መሻሻል ያስገደደው ናሙናው ነው። አንድን የጥናት ርዕስ ሲመዝኑ “ይህ ሥራ በናሙናው ውስጥ ያለውን የትኛውን ችግር ነው የሚፈታው?” ብለው ይጠይቁ። ለጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ማግኘት ካልቻሉ፣ ርዕሱ ገና አልበሰለም ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ከመሣሪያው የትኛው ክፍል የእርስዎ እንደሆነ ይወስኑ

አንድ ሰው በአንድ የዶክትሬት ዘመን ሙሉ ባዮሴንሰርን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊሠራ አይችልም፤ ይችላል የሚል ማስታወቂያ ካጋጠመዎት ቡድኑን በጥንቃቄ ይመርምሩ። የኬሚስትሪ መሠረት ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ በኤሌክትሮድ ገጽ ዝግጅት ላይ፣ የባዮሎጂ ሰው አንቲቦዲና አፕታመር በመምረጥ ወይም ክሪስፐር በተባለው ዘረመልን ለይቶ የሚቆርጥ ዘዴ ላይ በተመሠረቱ የዘረመል መለያዎች ላይ፣ የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ሰው በአነስተኛ ምልክት ማንበቢያ ሰርኪዩትና በሚለበሱ መሣሪያዎች ላይ፣ የፊዚክስ ሰው ደግሞ በብርሃን ወይም በግራፊን ትራንዚስተር ላይ ቦታ ያገኛል። ይሁን እንጂ ሁሉም የጎረቤቱን ቋንቋ እስከ መስማት ድረስ ማወቅ ይጠበቅበታል።

ይህ የጎረቤት ቋንቋ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ ያሳያል። በትራንዚስተር ላይ የተመሠረተ ባዮሴንሰር በገጹ አጠገብ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሙል ይለካል። በደም ውስጥ ያለው ጨው ግን ያንን ሙል ከ1 ናኖሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ይሸፍነዋል፤ ይህ ርቀት የዲባይ ርዝመት ይባላል። አንድ አንቲቦዲ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ናኖሜትር ይረዝማል። ስለዚህ አንቲቦዲው የያዘው ፕሮቲን መሣሪያው “ማየት” ከሚችልበት ርቀት ውጭ ይቀራል ማለት ነው። ናሙናው 100 ጊዜ ሲቀጥን የዲባይ ርዝመቱ 10 እጥፍ ያድጋልና ምልክቱ ይመጣል፤ ብዙ ጽሑፎች የሚያሳዩት አስደናቂ ውጤትም በቀጠነ በፈር (የአሲድነት መጠኑ በቀላሉ በማይለዋወጥ፣ በቤተ ሙከራ በተዘጋጀ ፈሳሽ) ውስጥ የተገኘ ነው። በአንጻሩ የተቀጠነው ናሙና ውስጥ ያለው ፕሮቲንም 100 ጊዜ ቀንሷል። ሰርኪዩት ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ይህን ችግር በሦስተኛው ዓመቱ ሊደርስበት ይችላል፤ የገጹን ኬሚስትሪ የሚሰማ ተማሪ ግን ገና ፕሮፖዛል ሲጽፍ አጠር ያለ ለዪ አካል፣ ለምሳሌ አፕታመር ወይም የአንቲቦዲ ቁራጭ፣ ለመጠቀም ያቅዳል።

ደረጃ 3፦ በሮቹን ይወቁ

የዶክትሬት ቦታ የሚገኝበት መንገድ እንደየአገሩ ይለያያል። በስዊድን፣ በኔዘርላንድስ፣ በኖርዌይና በዴንማርክ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ደመወዝ የሚከፈለው ተቀጣሪ ነው፤ ስለዚህም ማስታወቂያው የሚወጣው እንደ ማንኛውም የሥራ ቦታ በዩኒቨርሲቲው የቅጥር ገጽ ላይ ነው። በጀርመን በፕሮጀክት ውል መቀጠር ወይም እንደ ዳድ (የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት) ባሉ የስኮላርሺፕ ተቋማት መደገፍ ይቻላል። በብሪታንያ ርዕሱና ገንዘቡ አስቀድሞ የታወቀ የ3 ወይም የ4 ዓመት ፕሮጀክት ላይ ማመልከት የተለመደ ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን የሚያመለክቱት ለትምህርት ክፍሉ ነው። እዚያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ኮርስ ይወሰዳል፣ ጠቅላላው ጊዜ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ዓመት ይወስዳል፣ የማመልከቻ ማብቂያውም በአብዛኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር ወር ላይ ይውላል። ጃፓን በትምህርት ሚኒስቴሯ በኩል የሜክስት ስኮላርሺፕን ትሰጣለች።

ለዚህ ዘርፍ ከሁሉ ይልቅ እንዲከታተሉት የምመክረው የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የዶክትሬት መረቦችን ነው። በእነዚህ መረቦች ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ኩባንያዎችና አንዳንዴም ሆስፒታሎች በአንድ ፕሮጀክት ተቧድነው ዐሥርና ከዚያም በላይ ተማሪዎችን በአንድ ጊዜ ይቀጥራሉ፤ ተማሪውም ከአንዱ አባል ወደ ሌላው ለወራት እየተዛወረ ይሠራል። የናሙናው ባለቤትና የመሣሪያው ሠሪ በአንድ ውል ስለሚተሳሰሩ ለባዮሴንሰር የተመቸ አደረጃጀት ነው። ዜግነት አይገድብም፤ ነገር ግን አመልካቹ ከመቀጠሩ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ በሚቀጥረው ተቋም አገር ከ12 ወራት በላይ የኖረ ወይም የሠራ መሆን የለበትም። ይህን ሕግ ሳያነቡ ወራት የሚያባክኑ አሉ። ማስታወቂያዎቹ የሚወጡት ዩራክሰስ በተባለው የኅብረቱ የተመራማሪዎች መግቢያ ድረ ገጽ ላይ ነው።

ፍለጋውን ስታደርጉ “ባዮሴንሰር” በሚለው ቃል ብቻ አትወሰኑ። ለእርስዎ የሚሆነው ቦታ በባዮኤሌክትሮኒክስ፣ በአናሊቲካል ኬሚስትሪ፣ በማይክሮፍሉይዲክስ፣ በፎቶኒክስ፣ በምግብ ደኅንነት ወይም በአልጋ አጠገብ ምርመራ ስም ተሰይሞ ሊሆን ይችላል። ባዮሴንሰርስ ኤንድ ባዮኤሌክትሮኒክስ እና ኤሲኤስ ሴንሰርስ የተባሉትን ጆርናሎች አዳዲስ እትሞች ከፍቶ በጽሑፎቹ መጨረሻ ያለውን የምስጋና ክፍል ማንበብም አንድ መንገድ ነው፤ እዚያ ሥራውን ማን በገንዘብ እንደደገፈው ይጻፋል። ፕሮጀክቱ አዲስ ከሆነ ቡድኑ ገና ሰው የሚቀጥር ይሆናል።

ዶክትሬቱን ወዲያውኑ መጀመር የማይችሉ ሰዎች የምርምር ረዳትነትን ወይም የጥቂት ወራት የጉብኝት ምርምርን እንደ ትንሽ ነገር ሊያዩት አይገባም። ስድስት ወር ኤሌክትሮድ ያዘጋጀ ሰው የሚጽፈው ማመልከቻ በንባብ ብቻ ከተጻፈው ወዲያው ይለያል።

ደረጃ 4፦ የቡድኑን ጽሑፎች ከመጨረሻው ሠንጠረዥ ጀምረው ይመርምሩ

ይህ ደረጃ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ይገባዋል። የሚያስቡትን ቡድን የቅርብ ጊዜ አምስት ጽሑፎች ይያዙና ማጠቃለያውን ዘልለው በቀጥታ “እውነተኛ ናሙና” ወደሚለው ክፍል ይሂዱ። ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ከነጋዴ በተገዛ ሴረም (ሴሎቹና የሚያረጋው ክፍል በወጡለት የደም ፈሳሽ) ላይ የሚፈለገው ንጥረ ነገር ሆን ተብሎ ተጨምሮበት፣ ከተጨመረው ውስጥ ስንት በመቶው እንደተለካ የሚያሳይ ሦስት ወይም አራት ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ነው። ይህ ጅምር እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫ የሚሆነው ከሕመምተኞችና ከጤነኞች የተወሰዱ ናሙናዎች በባዮሴንሰሩና በታወቀው ዘዴ፣ ለምሳሌ በኤላይዛ (በአንቲቦዲ በሚሠራ የቤተ ሙከራ ምርመራ) ወይም በፒሲአር (ዘረመልን በማባዛት በሚሠራ ምርመራ)፣ ጎን ለጎን ተለክተው ውጤታቸው ሲነጻጸር ነው። ከአምስቱ ጽሑፎች በአንዱ እንኳ ይህ ከተደረገ፣ ቡድኑ ናሙና የሚያገኝበት መንገድ አለው ማለት ነው። የደራሲዎቹን ስም ዝርዝርም ይመልከቱ፤ ከሆስፒታል፣ ከእንስሳት ሕክምና ወይም ከውኃ ጥራት ቁጥጥር ተቋም የመጣ ሰው በተደጋጋሚ የሚገኝ ከሆነ ግንኙነቱ የጸና ነው።

ቀጥሎ ዝቅተኛውን የመለየት ወሰን ይመልከቱ። የተለመደው ስሌት የባዶው ናሙና ንባቦች መደበኛ ልዩነት በ3 ተባዝቶ ለመለኪያ መስመሩ ተዳፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። እጅግ ትንሽ ቁጥር ሲያዩ ከመደነቅዎ በፊት ባዶው ናሙና ስንት ጊዜ እንደተለካ ይፈልጉ። አንዱን ኤሌክትሮድ ሦስት ጊዜ መለካትና ሦስት የተለያዩ ኤሌክትሮዶችን እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ መለካት ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው የመሣሪያውን ጸጥታ፣ ሁለተኛው የእጅ ሥራውን አስተማማኝነት ያሳያል። ከዚያም ደም ውስጥ ሁልጊዜ የሚገኙት አስኮርቢክ አሲድና ዩሪክ አሲድ ንባቡን እንዳያዛቡ ተፈትኖ እንደሆነ፣ ኤሌክትሮዱም ከተዘጋጀ ከአንድ ወር በኋላ ምን ያህል ምልክት እንደሚሰጥ ይመልከቱ።

ለማነጻጸሪያ የሚሆን ጠንካራ መመዘኛ ከፈለጉ የግሉኮስ መለኪያን ይውሰዱ። አይሶ 15197 የተባለው ዓለም አቀፍ የጥራት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2013 እትሙ፣ የግሉኮስ መጠኑ በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ሲሆን ከንባቦቹ 95 በመቶው ከእውነተኛው ዋጋ በ15 ሚሊግራም ውስጥ፣ ከ100 ጀምሮ ደግሞ በ15 በመቶ ውስጥ እንዲወድቁ ይጠይቃል። አብዛኛው የምርምር ቤተ ሙከራ ውጤት ከዚህ ዓይነት ፈተና ገና ሩቅ ነው። ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሳይሆን፣ ለዶክትሬት የሚበቃ ሥራ የት እንዳለ የሚጠቁም ነው።

ደረጃ 5፦ ከማመልከትዎ በፊት እጅዎን ያስለምዱ

በኤሌክትሮኬሚካል መንገድ ለሚያመለክት ሰው አንድ ሙከራን በደንብ ማወቅ ከዐሥር ኮርሶች ይልቅ ይጠቅማል። ፖታሲየም ፌሪሲያናይድና ፌሮሲያናይድ ጨው ባለበት ውኃ ተሟሙቶ ጠብታው በታተመ ኤሌክትሮድ ላይ ይደረጋል፤ ፖቴንሺዮስታቱ (ቮልቴጅን ተቆጣጥሮ የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ የሚለካው መሣሪያ) ቮልቴጁን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያመላልስ በስክሪኑ ላይ አንድ ጉብታ ወደ ላይ፣ አንድ ጉብታ ወደ ታች ይሣላል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ለተስማሚ ሥርዓት 59 ሚሊቮልት ያህል ነው፤ በታተመ የካርቦን ኤሌክትሮድ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከ100 ያልፋል። አሁን ኤሌክትሮዱ ላይ ቦቪን ሴረም አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ጠብታ ተደርጎ ግማሽ ሰዓት ይቆይና ይታጠብ፤ ሙከራውም ይደገም። ጉብታዎቹ አጥረው ተራርቀው ይታያሉ፤ ምክንያቱም ፕሮቲኑ ገጹን ሸፍኖ ኤሌክትሮኑ እንዳያልፍ አግዷል። የብዙ አንቲቦዲ ባዮሴንሰሮች መርሕ ይኸው ነው፤ ብዙ ባዮሴንሰሮች በደም ውስጥ የሚሰናከሉበት ምክንያትም ይኸው ነው። ይህን በዓይኑ ያየና ኤሌክትሮድ ከኤሌክትሮድ ለምን እንደተለያየ ለማስረዳት የሞከረ ሰው በቃለ መጠይቅ ላይ የሚናገረው አያጣም።

ፖቴንሺዮስታት በአቅራቢያ ከሌለ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የሥራ ንድፉ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የታተመው ቺፕስታት እና ከእርሱ በኋላ የመጡ መሰል መሣሪያዎች በትንሽ ወጪ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። መረጃን በፓይተን ወይም በአር የኮምፒውተር ቋንቋ መተንተን መቻልም ዛሬ እንደ መሠረታዊ ችሎታ ይቆጠራል።

ደረጃ 6፦ ለአማካሪው ይጻፉ

ለብዙ ፕሮፌሰሮች በአንድ ጊዜ የተላከ ኢሜይል ከመጀመሪያው መስመር ይታወቃል። ጥሩ ደብዳቤ አጭር ሆኖ፣ ጽሑፋቸውን ያነበበ ሰው ብቻ ሊያነሣው የሚችለውን አንድ ጥያቄ ይይዛል። ይዘቱ ይህን የመሰለ ሊሆን ይችላል፦

“የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ በምራቅ ውስጥ ኮርቲዞልን ስለመለካት ቡድንዎ ባሳተመው ጽሑፍ፣ በበፈር ውስጥ የታየው ምልክት በምራቅ ውስጥ በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አነበብሁ። ቅናሹ የመጣው የምራቁ ሙሲን የወርቁን ገጽ ስለሸፈነው ነው ወይስ አፕታመሩ ራሱ ስለተጎዳ? በማስተርስ ሥራዬ የወርቅ ኤሌክትሮዶችን በመርካፕቶሄክሳኖል ሸፍኜ በኢምፒዳንስ ለክቻለሁ፤ ከ40 ኤሌክትሮዶች መካከል የነበረውን ልዩነትና መንስኤውን የሚያሳይ ሁለት ገጽ አያይዣለሁ። በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን የሚከፈት የዶክትሬት ቦታ ካለ ለማመልከት እፈልጋለሁ።”

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ምስጋናና ራስን ማሞገስ የለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ደረጃ 7፦ ሰነዶቹ

ትራንስክሪፕት፣ የቋንቋ ፈተና ውጤት፣ ግለ ታሪክና የድጋፍ ደብዳቤዎች በማንኛውም ዘርፍ የሚጠየቁ ስለሆኑ ብዙ አልልባቸውም። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው በቤተ ሙከራ ሲሠሩ ያየዎ ይሁን፤ በክፍል ውስጥ ጥሩ ውጤት እንዳመጡ ትራንስክሪፕቱ ራሱ ይናገራል። የጥናት ፕሮፖዛል ከተጠየቁ የሚለካውን ነገር፣ በናሙናው ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝበትን መጠን፣ ሐኪሙ ወይም ተቆጣጣሪው ውሳኔ የሚሰጥበትን ወሰን እና የሚነጻጸሩበትን ዘዴ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስቀምጡ። ውሳኔ የሚሰጥበት ወሰን በናኖሞላር ደረጃ ሆኖ ሳለ ሚሊዮን ጊዜ ወደሚያንሰው ፌምቶሞላር የሚወርድ መሣሪያ ለመሥራት የሚያቅድ ፕሮፖዛል፣ ማንም ያልጠየቀውን ሊመልስ ዓመታት ይፈጃል።

ማመልከቻ አስኬድልዎታለሁ፣ ቦታ አረጋግጥልዎታለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅን ሰው አይመኑ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በይፋዊ ድረ ገጻቸው የማመልከቻ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ በዚያም ቢሆን ክፍያው እንዲነሣልዎ በጽሑፍ መጠየቅ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው።

ደረጃ 8፦ በቃለ መጠይቁ እርስዎም ይጠይቁ

ጠያቂዎቹ ያልተሳካ ሙከራዎን እንዲያስረዱ ማድረጋቸው አይቀርምና፣ የተሳካውን ብቻ ይዘው አይቅረቡ። ወርቁ በደንብ ባለመጽዳቱ የተበላሸ አንድ ሳምንት፣ መንስኤውን እንዴት እንደለዩ ከተናገሩበት፣ ካማረ ግራፍ ይልቅ ያስመሰክርልዎታል።

ተራው የእርስዎ ሲሆን በትሕትና ግን በግልጽ ይጠይቁ። ናሙናው ከየት ይመጣል? የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ተገኝቷል ወይስ ገና ሊጠየቅ ነው? ከሰው የተወሰደ ናሙና ያለ ፈቃድ አይነካምና፣ ፈቃዱ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ያ ጊዜ ደግሞ ከእርስዎ ውል ላይ ይቆጠራል። ገንዘቡ እስከ መቼ ነው? ፖቴንሺዮስታቱን ስንት ሰው ይጋራዋል? የንጹሕ ክፍሉን የሰዓት ክፍያ ማን ይሸፍናል? ኩባንያ ካለበት ደግሞ ፓተንቱ የማን ይሆናል፣ ፓተንቱ እስኪገባስ ጽሑፍዎ ምን ያህል ጊዜ ሊዘገይ ይችላል? በመጨረሻም ከቡድኑ የተመረቀ አንድ ሰውና አሁን በቡድኑ ያለ አንድ ተማሪ ያለ አማካሪው በግል እንዲያነጋግሩዎ ይጠይቁ። ይህን የሚከለክል ቡድን ሌላውን መልስ ሁሉ ያጠራጥራል።

ደረጃ 9፦ ቦታውን ካገኙ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት

ውሉ ላይ ከመፈረምዎ በፊት በቃለ መጠይቁ ስለ ናሙና የተነገረዎትን በኢሜይል ጽፈው “በትክክል ተረድቼ እንደሆነ ያረጋግጡልኝ” ብለው ይላኩ። ሥራ እንደጀመሩ የሥነ ምግባር ፈቃዱን ማመልከቻ የመጀመሪያው ሥራዎ ያድርጉት፤ ፈቃዱ በሚጠበቅባቸው ወራት የኤሌክትሮዱን ገጽ በበፈርና በተገዛ ሴረም ማሻሻል ይቻላል። አንቲቦዲ ሲያዝዙ ለዋናው ጥናት የሚበቃውን ያህል ከአንድ ምርት ቁጥር ይግዙና በየጥቂቱ ከፋፍለው ያቀዝቅዙት። የምርት ቁጥሩ በመካከል ከተቀየረ የመለኪያ መስመሩ ሊቀየር ይችላል፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት መረጃና የሁለተኛው ዓመት መረጃ በአንድ ግራፍ ላይ አይቀመጡም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ብልቃጥ የምርት ቁጥር ከሙከራው ቀን ጋር በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ይጻፉ።